ለሆስፒታል ላይብረሪዎቻችን ሰው ይመደብ፦ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነርስ ነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት በአንድ የክልል ከተማ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ፣ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል እሠራለሁ። የምጽፍላችሁ ስለ ሆስፒታል ላይብረሪ ነው። ደመወዙ፣ የዲዩቲ ክፍያው፣ የመድኃኒት እጥረቱ እያለ ላይብረሪ ምን ያደርግልናል የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር። ስለዚህ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። ሌሊት ነበር። 1,400 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ከማዋለጃ ክፍል መጣችልን። በራሷ ትተነፍሳለች፤ ትንሽ ኦክስጅን ብቻ አድርገንላታል። ብዙም ሳይቆይ እናትየዋ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። «እህቴ፣ መቼ ነው የምታሳቅፉኝ?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። «ትንሽ ትረጋጋ። ኦክስጅኑ ይውረድላት። ከዚያ ካንጋሮ ትገቢያለሽ» አልኳት። ካንጋሮ የምንለው ልጅን ቆዳ ለቆዳ ደረት ላይ አቅፎ ማቆየትን ነው። ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ሰብስባ ተመለሰች።

አብሮኝ ዲዩቲ የነበረው ኢንተርን፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ፣ ይህን ሰማ። ልጁ ትሑት ነው፤ ለመናገር ትንሽ ከበደው። «ሲስተር፣ እሱ እኮ ተቀይሯል» አለኝ። ለፈተና ሲያጠና ያገኘውን በስልኩ አሳየኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ያወጣው ምክረ ሐሳብ ነበር። ያለጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ቆዳ ለቆዳ ከእናታቸው ጋር ይሁኑ ይላል። በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት። እኛ የተማርነው «መጀመሪያ ይረጋጉ» የሚለውን ነበር። ያ ተቀይሯል። ለመቀየሩ ዋናው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ የተሠራው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ባሉ 5 ሆስፒታሎች ነው። ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም የሚመዝኑ 3,211 ሕፃናት ተካተውበታል። ወዲያው ከታቀፉት መካከል በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ናቸው። እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ግን 15.7 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ ስለወጣ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደርጓል።

ጋና፣ ማላዊ፣ ታንዛኒያ። እንደ እኛው አልጋ የሚጠባቸው፣ እንደ እኛው ነርስ የሚያንሳቸው አገሮች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ውድ ማሽን አይደለም። እናትና ልጅ ሳይለያዩ እንዲቆዩ ነው የተደረገው።

እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ወራቱን ቆጠርኩ። ከኅዳር 2015 እስከ መጋቢት 2016፣ 16 ወር። በእነዚያ ወራት የሞቱብን ሁሉ በዚህ ምክንያት ሞቱ ልል አልችልም። አላውቅማ። ግን በየሌሊቱ «ትንሽ ትረጋጋ» ብዬ የመለስኳቸውን እናቶች አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በአገራችን በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ያልፋሉ። እንዲህ ባለ አገር 16 ወር ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ያን ሌሊት እናትየዋን ሄጄ ጠራኋት። ልጇን ከነኦክስጅኗ ደረቷ ላይ አደረግንላት።

በማግስቱ ከዲዩቲ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤታችን አልሄድኩም። ወደ ሆስፒታላችን ላይብረሪ ሄድኩ። በ11 ዓመት ውስጥ የገባሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢሆን ነው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው ተባልኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደግ ሰው ናቸው፤ ሥራቸውን ትተው መጥተው ከፈቱልኝ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛዎች አሉ። አምስት ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት አብዛኞቹ ከውጭ በእርዳታ የመጡ ናቸው። አንዱን አነሳሁ። የፋርማኮሎጂ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ኮሌጅ ሳልገባ የታተመ። ለታሪክ ጸሐፊ ጥሩ ነው። ለነርስ ግን አደጋ አለው።

ይህ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ሲደርስ ጠቅላላ ሐኪሞች ይሞሉታል። ተማሪዎችም የመውጫ ፈተና ሲቃረብ ይገባሉ። ጸጥ ያለ ቦታና መብራት ስላለው ነው። ሰው የራሱን ስልክና የራሱን ፒዲኤፍ ይዞ ይገባል፤ አንብቦ ይወጣል። የማንበቢያ ቦታ ማግኘት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለእሱም አመሰግናለሁ። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋርድ ውስጥ ለሚነሳ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የለም። «ይህ ተቀይሯል፣ ይህ አዲስ ወጥቷል» ብሎ የሚነግረንም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ብዙ ሰው ችግሩ ገንዘብ ይመስለዋል። የሕክምና መጽሔት ውድ ነው፤ አንዱን ጽሑፍ ለማንበብ በዶላር ይጠየቃል። እውነት ነው። ለእኛ አገር ግን በሩ ከተከፈተ ቆይቷል። ሂናሪ የሚባል ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 የጀመረው ነው። ሲጀምር ስድስት አሳታሚዎችና 1,500 ገደማ መጽሔቶች ነበሩት። ዛሬ መጽሔቶቹ ብዙ ሺህ ሆነዋል፤ መጻሕፍቱም እንደዚያው። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አገሮች ተቋማት ያለ ክፍያ ይጠቀሙበታል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ናት። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። ሆስፒታሉ ይመዘገባል፣ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፣ ሠራተኛው ሁሉ በዚያ ይገባል። ከዚህ ሌላ ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው። በአንድ ጉዳይ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው የሚገመግሙት የኮክሬን ጥናቶችም ለእኛ አገር በነጻ ይከፈታሉ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የሕክምና መመሪያዎች ስልክ ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው። ሆስፒታላችን ሂናሪ ላይ መመዝገቡን ስጠይቅ አንድ የቆየ ባልደረባችን «ተመዝግበን ነበር» አለኝ። ያስመዘገበው ሰው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። የይለፍ ቃሉ የተላከው በእሱ የግል ኢሜይል ነበር። እሱ ሲሄድ አብሮ ሄደ። በሌሎች ሆስፒታሎች ያሉ ጓደኞቼን ጠየቅኩ። ሦስቱ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። አንዷ «አንድ ጊዜ ሥልጠና ላይ ነግረውን ነበር፤ የይለፍ ቃሉን ግን ማን እንደያዘው እንጃ» አለችኝ። ክፉ የሠራ ሰው የለም። ሥራው የማንም ስላልሆነ ነው እንዲህ የሆነው።

ክፍተቱን የሞላው ቴሌግራም ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየቻናሉ ጋይድላይን (የሕክምና መመሪያ)፣ መጽሐፍ፣ የዶዝ (የመድኃኒት መጠን) ሰንጠረዥ ይለቀቃል። ባይኖር ኖሮ ብዙዎቻችን ባዶ እጃችንን እንቀር ነበርና የሚለቁትን ሰዎች አልወቅስም። ችግሩ ፋይሉ ዓመት የለውም። የመጀመሪያ ገጾቹ ተቆርጠው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ለአንድ በሽታ ሁለት ሰንጠረዥ ይዘን ተቀምጠናል፤ አንዱ በእኔ ስልክ፣ አንዱ በጓደኛዬ ስልክ። ቁጥራቸው አይገናኝም። የትኛው አዲስ ነው? ከፋርማሲ ሰው ደውለን ጠርተን ነው የተረዳነው። አሁን ደግሞ ወጣቶቹ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መጠየቅ ጀምረዋል። ፈጣን ነው። ግን በፍጹም የሌለ ጥናት እንዳለ አድርጎ የሚጠቅስበት ጊዜ አለ፤ ይህን ለይቶ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ያስፈልጋል።

የሕክምና መረጃ መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንዲት የ24 ዓመት ጤነኛ ወጣት በጎ ፈቃደኛ ሆና በአስም ጥናት ተሳተፈች። ሄክሳሜቶኒየም የሚባል መድኃኒት በትንፋሽ ሰጧት። ሳንባዋ ተጎዳና ሞተች። መድኃኒቱ ሳንባ ሊጎዳ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወጡ ጽሑፎች ይጠቁሙ ነበር። ተመራማሪው የፈለገበት የመረጃ ቋት ግን በዚያን ጊዜ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከ1966 ነበር። ከዚያ በኋላ ነው «ፍለጋውን የሠለጠነ ላይብረሪያን ይሥራው ወይም ይየው» የሚለው ድምፅ የበረታው። ጆንስ ሆፕኪንስን የሚያህል ቦታ እንዲህ ከሳተ፣ በዲዩቲ መሐል በስልኳ የምትፈልግ ነርስ ብትስት ምን ይገርማል?

የሠለጠነ ሰው ሲኖርስ? እዚያው አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 ላይብረሪያን ከሐኪሞች ጋር ራውንድ እንዲወጣ፣ ማለትም ታካሚዎችን በየአልጋቸው እየዞረ እንዲያይ ተደረገ። ሐኪሞቹ አልጋው አጠገብ ይጠይቃሉ፣ እሱ ሄዶ ፈልጎ ያመጣል። በዚያው አገር ሮቸስተር በምትባል ከተማ አካባቢ ባሉ 15 ሆስፒታሎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ደግሞ ሐኪሞች ከላይብረሪ ያገኙት መረጃ ምን እንዳደረገላቸው ጠየቀ። ከመለሱት 208 ሐኪሞች 80 በመቶዎቹ መረጃውን ባያገኙ ኖሮ ምናልባት ወይም በእርግጠኝነት ታካሚያቸውን በሌላ መንገድ ያክሙ እንደነበር ተናገሩ። 45 በመቶዎቹ የመድኃኒት ምርጫቸውን ቀይረዋል። 29 በመቶዎቹ ምርመራ ያደረጉለትን በሽታ ራሱን በሌላ መልክ አይተውታል። ይህን ሳነብ የዚያ ኢንተርን ስልክ ነው ትዝ ያለኝ። እሱ ለእኔ የአንድ ሌሊት ላይብረሪያን ነበር። ያን ሌሊት ዲዩቲው የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮስ?

በእንግሊዝ አገር ያለውን የመንግሥት ጤና አገልግሎት ደግሞ ልጥቀስ። እዚያ በብዙ ሆስፒታሎች ላይብረሪ አለ፤ ሥራውም መጽሐፍ ማዋስ ብቻ አይደለም። ለየክፍሉ አዲስ የወጣውን አጥርቶ ይልካል። ሠራተኛ ጥያቄ ይልካል፣ መልሱ ከነማስረጃው ይመጣለታል። ለ1,250 ሠራተኞች ቢያንስ አንድ የሠለጠነ የመረጃ ባለሙያ ይኑር የሚል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 አውጥተዋል። አቅማችን ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። ግን ለአንድ ሆስፒታል አንድ ሰው እኮ ነው።

እንደዚህ ያለ ሥራ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ፋርማሲ ውስጥ የመድኃኒት መረጃ አገልግሎት ተጀምሯል። ስለ ዶዝ፣ ስለ መድኃኒቶች መጋጨት፣ ለነፍሰ ጡር ስለሚሆነውና ስለማይሆነው ይመልሳሉ። በእኛም አለ። ያን የሰንጠረዥ ነገር የፈቱልን እነሱ ናቸው። ሰው ተመድቦለት፣ ጠረጴዛና ስልክ ተሰጥቶት ሲሠራ አይተነዋል። ያንኑ ከመድኃኒት አልፎ ለሁሉም ሕክምና እናድርገው ነው የምለው።

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣ ጋይድላይን በማዘጋጀት በኩል ብዙ ሠርታችኋል። ለጤና ጣቢያ የተዘጋጀው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና እንክብካቤ ክሊኒካል ጋይድላይን በሥራ ላይ ያየሁት ጥሩ ነገር ነው፤ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ የሠሩ ጓደኞቼ ቶሎ ገልጠው የሚያገኙት መጽሐፍ ሆኖላቸዋል። ነገር ግን አዲስ ነገር ወደ እኛ የሚመጣው በሥልጠና ነው። ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይጠራል። ከሁለቱ አንዱ በዓመቱ ይዛወራል። ሌላው ሲመለስ ዋርዱ በታካሚ ተጨናንቆ ይጠብቀዋል፤ የሠለጠነውን ለሌላው የሚያካፍልበት ሰዓት የለውም። የታተመው መጽሐፍ ከመጣም ኃላፊው ቢሮ ይቆለፋል፤ እንዳይጠፋ ተብሎ።

የምጠይቀው ይህ ነው። በእያንዳንዱ ሆስፒታል አንድ ሰው ይመደብ። የላይብረሪ ሳይንስ የተማረ ቢሆን መልካም፤ ካልተገኘ ከነርሶች ወይም ከጤና መኮንኖች መካከል ፍላጎት ያለው ይሠልጥን። ሥራው በደብዳቤ ይጻፍለት፤ «በትርፍ ጊዜህ» አይባል። ሂናሪ ሲመዘገብ በሆስፒታሉ ኢሜይል ይሁን። ሰው ሲለቅ ከንብረት ርክክቡ ጋር የይለፍ ቃሉም ይረከብ። ላይብረሪው ሌሊትም ክፍት ይሁን፤ ጥያቄ የሚበዛው ሌሊት ነውና።

ይህ ሰው በወር አንድ ገጽ ያውጣ። አንድ ገጽ ብቻ። በአማርኛ ወይም በየክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ቁልጭ ባለ አነጋገር። ምን ተቀየረ? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ማንን ይመለከታል? ሙሉው ጽሑፍ የት ይገኛል? ታትሞ ነርሶች ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በሆስፒታሉ ቴሌግራምም ይላክ፤ ዓመቱና ምንጩ ላዩ ላይ ተጽፎ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት በወሊድ ጊዜ ስለሚፈስ ደም አዲስ ምክረ ሐሳብ አውጥቷል። ደሙን በግምት ማየት ቀርቶ መለኪያ ባለው ላስቲክ ይለካ፤ ከበዛ ሕክምናዎቹ ተራ በተራ ሳይጠበቁ አንድ ላይ ይሰጡ ይላል። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተሠራው ጥናት ይህ አሠራር ከባድ መድማትንና ተከትሎት የሚመጣውን አደጋ በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። አንዲት አዋላጅ ነርስ ይህን ለማወቅ ሥልጠና እስክትጠራ መጠበቅ የለባትም። ሁለት አንቀጽ ነው። ሻይ እየጠጣች ታነበዋለች።

ኢንተርኔት የሌለበትንም አስቡልን። በትግራይም በአማራም ግንኙነት ለወራት ሲቋረጥ የሠሩ ባልደረቦች አሉኝ። በእጃቸው የነበረው ቀድመው ስልካቸው ላይ ያወረዱት ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ድሮ «ሰማያዊ ሣጥን ላይብረሪ» የሚለው ሥራ ነበረው። ከ100 በላይ የሚሆኑ መሠረታዊ መጻሕፍትን በሰማያዊ የብረት ሣጥን አድርጎ ለአፍሪካ ወረዳዎች ይልክ ነበር። ዛሬ ያ ሣጥን በአንድ ፍላሽ ውስጥ ይገባል። ጤና ሚኒስቴር በየስድስት ወሩ ወቅታዊ የሆኑትን ጋይድላይኖች በአንድ ፋይል አድርጎ ለየሆስፒታሉ ቢልክና ላይብረሪው ኮምፒውተሮቹ ላይ ቢጭነው ከመቋረጥ ያድነናል።

ስለ ሙያ ፈቃድ እድሳትም አንድ ነገር ልበል። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ለማግኘት ስንት ሰው ከኪሱ እየከፈለ ሌላ ከተማ ድረስ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ላይብረሪው በየወሩ የሚያዘጋጀው የንባብ ውይይት እውቅና አግኝቶ ነጥብ ቢይዝ ሠራተኛው ራሱ ክፍሉን ይሞላዋል።

የሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር ሐሳቤን ሰምተው አላጣጣሉብኝም። «ለመደቡ በጀት የለኝም፤ ጀምሪውና እንየው» አሉኝ። ስለዚህ ባለፈው ወር የመጀመሪያውን ገጽ ከዚያ ኢንተርን ጋር ጻፍን። አሁን ሐኪም ሆኖ እኛው ጋር ተመድቧል። ገጹ ስለ ካንጋሮ ነው። በአማርኛ ነው። ከማዋለጃ ክፍል እስከ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለው ኮሪደር አራት ቦታ ለጥፈነዋል። የጻፍነው ከሌሊት ዲዩቲ በኋላ፣ በእንቅልፍ ሰዓታችን ነው። ሁለተኛው ገጽ ስለ መድማቱ እንዲሆን አስበናል። ገና አላለቀም። ላይብረሪው እስካሁን እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ንብረት ክፍል ነው። መልሳችሁን በደብዳቤ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንድ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ